በአንድ ማዘዣ ሁለት በሽተኞች

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ ጆሮ ላይ የሚጠለቅ የስልክ ማዳመጫ ብቻ ነበር። የደም ግፊት መለኪያ የለ፣ መርፌ የለ፣ ጋዋን የለ። አገር ቤት ነርስ ሆኜ ለዓመታት ከአልጋ አልጋ ስዞር ኖሬያለሁ። ዳላስ ከመጣሁም በኋላ እንደገና ተፈትኜ፣ ፈቃዴን አውጥቼ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሠርቻለሁ። «እዚህ ቁጭ በይና ደውዪ» ስባል ቅር አለኝ። በሽተኛ የማይነካ ነርስ ምን ይባላል እያልኩ ከራሴ ጋር ተነጫነጭኩ።

የቀጠረኝ ድርጅት በሰሜንና በምሥራቅ ዳላስ ያሉ ትንንሽ ክሊኒኮች ተሰባስበው ያቋቋሙት የሐኪሞች ኔትዎርክ ነበር። ዋና ቢሮው ፕሌኖ ነው። እኔ የተመደብኩት ጋርላንድ፣ ዶክተር ኮልማን ክሊኒክ ነው። የሥራ መደቤ «ኬር ኮርዲኔተር»፣ የሕክምና ክትትል አስተባባሪ፣ ይባላል። ዛሬ ቃሉን የማያውቅ የጤና ባለሙያ የለም። ያን ጊዜ ግን፣ በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ የመጀመሪያ ዐሥር ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ ለነርስ ጓደኞቼ ስነግራቸው «እሱ ደግሞ ምንድነው?» ይሉኝ ነበር።

አለቃዬ ሊንዳ ነች። እሷም ነርስ ናት፤ ከፕሌኖ እየተመላለሰች እኔንና መሰሎቼን ትቆጣጠራለች። ስትናገር እስክሪብቶ በጣቶቿ መሀል ታሽከረክራለች። ሥራውን ያስረዳችኝ በአጭሩ ነው።

«እስከ ዛሬ ለሐኪም የሚከፈለው ባየው ሰው ብዛት ነው» አለችኝ። «ሰው በታመመ ቁጥር ይከፈለናል፤ ጤነኛ ሆኖ ቤቱ ከዋለ አይከፈለንም። ዘንድሮ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ከእኛ ጋር ሙከራ ጀምሯል። የስኳር በሽተኞቻችን ስኳራቸው ከወረደ፣ ሆስፒታል ካልገቡ፣ ዓይንና እግራቸውን በጊዜው ካስመረመሩ ይጨምርልናል። ያንቺ ሥራ ሳይታመሙ ቀድመሽ መደወል ነው።»

«ባይሳካስ?» አልኳት።

እስክሪብቶው ቆመ። «ሙከራው ለአንድ ዓመት ነው። ካልተሳካ ይህ ወንበር አይኖርም» አለችኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌሊቱን ሒሳብ ሳሰላ ማደር ጀመርኩ። ከጋርላንድ ቀጥሎ ባለችው ሳክሲ ቤት የገዛነው በቅርቡ ነበር፤ ባለቤቴ የሚሠራበት መጋዘን ሰው እየቀነሰ ነው፤ በየቤቱ የሚወራው ማን ተባረረ፣ ማን ቤቱን ተነጠቀ ነበር። ስጋት ደግሞ ተፈጥሮዬ ነው። እናቴ «አንቺ ዝናብ ሳይጥል ልብስ የምታስገቢ ልጅ ነሽ» ትለኝ ነበር። ለዚህ ሥራ የመረጡኝ ይህንኑ አይተው ሳይሆን አይቀርም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስድብ ስጠጣ ነው ያለፉት። ሰው ሐኪም ቤት ሲደውልለት ወይ ክፍያ አለብህ ሊሉት ነው፣ ወይ የምርመራ ውጤቱ መጥፎ ነው። አንድ ሽማግሌ ቴክሳሳዊ፣ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን እንዲመለከቱ ስጠይቃቸው «የኔ እመቤት፣ እግሬን ሚስቴም አይታው አታውቅም» ብለው ዘጉብኝ። በሳምንቱ ግን ራሳቸው ደወሉ። ሚስታቸው አይታው ኖሯል፤ ተረከዛቸው ላይ ቁስል አግኝታለች።

በየወሩ መጨረሻ ሊንዳ ውጤቱን ይዛ ትመጣለች። የእያንዳንዱ የስኳር በሽተኛ ሁኔታ በቀለም ይወጣል፤ ጥሩ የሆነ አረንጓዴ፣ የሚያሰጋ ቢጫ፣ የከፋ ቀይ። የዶክተር ኮልማን ክሊኒክ ያን ሰሞን ቲማቲም የተደፋበት ይመስል ነበር። ዶክተሯ ግን አትደነግጥም። ለጡረታ የደረሰች፣ አጭር፣ ከነጭ ጋዋኗ ሥር የከብት አርቢ ቦት ጫማ የምታደርግ ሴት ናት። ብዙ አትናገርም፤ የሰው እጅ ይዛ ነው የምታዳምጠው። እኔ በእሷ ፈንታ እደነግጥ ነበር።

ከቀዮቹ መሀል አንዷ እትዬ አስካለ ነበሩ። ወደ ስድሳ የተጠጉ ሴት ናቸው፤ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያሽጋሉ። ከልጃቸው ጋር አፓርትመንት ተከራይተው ይኖራሉ። መጀመሪያ የደወልኩላቸው ቀን «ወይዘሮ አስካለ ነዎት? ከዶክተር ኮልማን ክሊኒክ ነው» ያልኳቸው በአማርኛ ነበር።

«ጌታ ይባረክ፤ አማርኛ ላከልኝ» አሉ። «ስምሽ ማነው?»

«ገነት።»

«ነርስ ነሽ?»

«አዎ፣ ነርስ ነኝ።»

«በይ ሲስተር ገነት፣ እንዳትለቂ። እዚህ አገር ገና ስሙን ስትለምጂው ሰው ሥራ ይለቃል።»

ከዚያ በኋላ ወደድኳቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው የእኔም ስለሆነ እሁድ እሁድ ከሩቅ እጃቸውን ያውለበልቡልኛል። የማዛቸውን ሁሉ ያደርጋሉ። ሻይ ያለ ስኳር ጀመሩ። እንጀራ ቀነሱ። በምሳ ሰዓት መጋዘኑን ይዞራሉ። ፋርማሲው የሚልክልን መረጃም መድኃኒታቸውን በየወሩ፣ ቀኑን ሳያሳልፉ እንደሚወስዱ ያሳያል። በዚያ በኩል ከሁሉም በሽተኞቻችን የተሻሉ ነበሩ።

ስኳራቸው ግን አይወርድም። ደማቸው በተመረመረ ቁጥር ካለፈው ብሶ ይመጣል። ዶክተር ኮልማን የክኒናቸውን መጠን ጨመረች፤ አልወረደም። እንደገና እጥፍ አደረገችው፤ አልወረደም።

«ይህን ሁሉ መድኃኒት ትወስደዋለች?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ፋርማሲው አዎ ይላል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እሳቸውም አዎ ይላሉ» አልኳት።

በዓመቱ አጋማሽ ሊንዳ የእትዬ አስካለን ስም በእስክሪብቶዋ እየነካች ተናገረች። «በየወሩ ቀይ ናት። ሌሎቹ ክሊኒኮች ሐኪሙን የማይሰማ በሽተኛ ሌላ ሐኪም ፈልግ ተብሎ እንዲሰናበት እያደረጉ ነው። እኛም እናስብበት።»

ዶክተር ኮልማን ከወንበሯ ሳትነሳ መለሰች። «እኔ በሽተኛ አላባርርም። ክኒኑ ካልበቃት ኢንሱሊን እጀምርላታለሁ።»

ሊንዳ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ግን ያቺን እይታ ቤቴ ድረስ ይዣት ሄድኩ። ባለቤቴ «ደግሞ ዛሬ ማን ታመመ?» ሲለኝ «ወንበሬ» ብዬው ሳቀ።

ኢንሱሊን ለሚጀምር ሰው መርፌውን የማስተምረው እኔ ነኝ። በብርቱካን ነው የምናለማምደው፤ ልጣጩ መርፌውን እንደ ሰው ቆዳ ይገፋል። እትዬ አስካለ ከሥራ ቀርተው መጡ። ብርቱካኑን ሁለቴ ወጉት፤ እጃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሲጨርሱ መርፌውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

«ሲስተር፣ ይሄ ያለ በረዶ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ከከፈቱት በኋላ ሙቀት ካልነካው ከፍሪጅ ውጭም ይቆያል። ለምን?»

«ሻንጣ ውስጥስ? የአውሮፕላኑ ዕቃ መጫኛ ይበርዳል ይላሉ፤ ማለቴ፣ እዚያ እስኪደርስ አይበላሽም?»

«አገር ቤት ሊሄዱ ነው እንዴ?»

«እኔማ ማን ኦፍ ሰጥቶኝ። መንገደኛ አለ እንጂ።»

መንገደኛ ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያሻም። አንድ ሰው ትኬት ቆረጠ ከተባለ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ይሰማል፤ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሻንጣው ግማሽ የእሱ፣ ግማሽ የሕዝብ ይሆናል። ጫማ አለ፣ ስልክ አለ፣ ቫይታሚን አለ። መድኃኒትም አለ። እኔም ይዤ ሄጃለሁ። ማናችንም ጥፋት ነው ብለን አስበነው አናውቅም። እትዬ አስካለ «መንገደኛ» ሲሉ ግን የዓመቱ ቀይ ሁሉ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ተነስቼ በሩን ዘጋሁት።

«እትዬ፣ ክኒኑንም ይልካሉ?»

«ታዲያስ» አሉ፣ ሳይደብቁ። ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ እንጂ ለመደበቅ አስበውም አያውቁ።

ደሴ መምህር ወንድም አላቸው፤ ታደሰ ይባላሉ። እትዬ አስካለ በሎተሪ ብቻቸውን ሲመጡ ልጃቸውን ያሳደጉላቸውና ያስተማሩላቸው እሳቸው ናቸው። ወንድማቸውም ስኳር አለባቸው። እዚያ መድኃኒቱ ዛሬ ይገኛል፣ ነገ ይጠፋል። «ስለዚህ ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ ለእሱ። አንድ እናት ነው የወለደችን፤ አንድ በሽታ ነው የያዘን» አሉኝ።

«ዶክተሯ መጠኑን ስትጨምርልዎስ?»

«ለእሱም ጨመርኩለታ።»

ይህን ሲሉ ሊሳቅም ይቻል ነበር። አልሳቅኩም። ጋርላንድ ላይ የምትቀመጥ ሐኪም፣ ደሴ ላይ ለሚኖር፣ ስሙን እንኳ ለማታውቀው ሰው የመድኃኒት መጠን ስታሳድግ ከርማለች። እትዬ አስካለ ደግሞ የሚውጡት ግማሹን ሆኖ ሳለ ሙሉውን መስሏታል።

«ባለፈው መንገደኛው ቀረብኝና ሙሉውን ራሴ ወሰድኩት» ቀጠሉ። «ሥራ ላይ እያለሁ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። ዕቃ የሚያነሳው ፎርክሊፍት ሊገጨኝ ሲል ሱፐርቫይዘሩ ጎተተኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ኮል አድርጌ ኦፍ ወጣሁ።»

ጉንፋን አልነበረም። ስኳራቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ነው። ያ ደግሞ ያለ ኢንሱሊን ነው። አሁን ኢንሱሊን ይጨመርበታል፤ አንድ መንገደኛ በረራውን ቢያራዝም፣ እትዬ አስካለ ሙሉውን ክኒን ከመርፌው ጋር ወስደው መኪና ይነዳሉ፣ ወይ ፎርክሊፍት መሀል ይቆማሉ፣ ወይ ተኝተው አይነሱም። አረጋውያን መጦሪያ እያለሁ ስኳር ወርዶበት ያልነቃ ሰው አይቻለሁ።

«ለዶክተሯ ይንገሯት» አልኳቸው።

«አብደሻል? ኢንሹራንሴን ካንስል ቢያደርጉብኝስ? ፖሊስ ቢጠሩስ? ልጄ ሲቲዝንሺፕ አፕላይ አድርጋለች።» ክንዴን ያዙኝ። «ሲስተር፣ አደራ። ለማንም።»

አደራ ሲባል ሰው እንዴት እምቢ ይላል? እኔ ግን እምቢ አልኩ። «እትዬ፣ አደራውን አልቀበልም» አልኳቸው። «ኢንሱሊኑን እስከ ሐሙስ እንዳይጀምሩ። ሐሙስ ቀጠሮ እይዝልዎታለሁ፣ ራስዎ ይነግሯታል። ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ።»

ክንዴን ለቀቁት። «ሲስተር ብዬ ያመንኩሽ እኔ ነኝ ሞኟ» ብለው ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ብርቱካኑ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

በቀጥታ ዶክተር ኮልማን ጋ ገባሁ። «የወይዘሮ አስካለ ኢንሱሊን እስከ ሐሙስ ይቁም» አልኳት። «ምክንያቱን ራሳቸው እንዲነግሩሽ ዕድል ልስጣቸው። ካልነገሩሽ እኔ ሐሙስ እነግርሻለሁ።»

ከምትጽፈው ቀና አለች። «እስከዚያ አደጋ አለው?»

«ካልጀመሩት የለውም።»

«እስከ ሐሙስ» አለች።

ያ ሳምንት አላልቅ አለኝ። እትዬ አስካለ ስልኬን አያነሱም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከፊቴ ሁለት ወንበር ቀደም ብለው ተቀምጠው ነበር፤ ሰላም መባባል ሲመጣ በቀኝም በግራም ያለውን ሁሉ ጨብጠው እኔን ዘለሉኝ። አጠገቤ ያሉት ሴቶች አስተውለዋል። እትዬ አስካለ ካወሩ አንድም የእኛ ሰው ያ ክሊኒክ አይመጣም፤ ቢመጣም ለእኔ እውነቱን አይነግረኝም። ለዶክተሯ ወዲያውኑ አለመንገሬ ደግሞ ፈቃዴን ሊያስነጥቀኝ ይችላል። ከሁሉም በላይ የፈራሁት ግን ተናደው፣ እልህ ይዟቸው ኢንሱሊኑን እንዳይጀምሩት ነበር።

ሐሙስ የቀጠሯቸው ሰዓት አለፈ። የፓርኪንጉ መስኮት አጠገብ ቆሜ በገባው መኪና ሁሉ አንገቴን ስመዝ የአቀባበል ሠራተኛዋ «ገነት፣ ሰው ነው የምትጠብቂው ወይስ አምቡላንስ?» አለችኝ። በመጨረሻ የልጃቸው መኪና ገባ። እትዬ አስካለ እሁድ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ እንደ ዘብ ቀጥ ብለው ወረዱ። ለእኔ አንድ ቃል አልተናገሩም። በእጃቸው የሱቅ ፌስታል ይዘዋል።

ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ፌስታሉን ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ ገለበጡት። የክኒን ጠርሙሶች ተንከባለሉ። ላስተረጉምላቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ፤ በራሳቸው እንግሊዝኛ «ሃፍ ሚ፣ ሃፍ ብራዘር» አሉ፤ ግማሽ ለእኔ፣ ግማሽ ለወንድሜ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «የቀረውን አንቺ ጨርሺው» አሉኝ።

ጨረስኩት። ዶክተር ኮልማን እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ወንበሯን ስባ ጠጋ አለችና የእትዬ አስካለን እጅ ያዘች።

«ለካ ሁለት በሽተኞች ናቸው ያሉኝ» አለች። «አንዱን አይቼው አላውቅም። ስኳሩ ስንት ነው?»

«አይታወቅም፤ መለኪያ የለውም» አሉ እትዬ አስካለ።

ዶክተሯ ኢንሱሊኑን ሰረዘች። የክኒኑን መጠን ወደ መጀመሪያው መለሰችው። «ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዷ ክኒን አንቺ አፍ ውስጥ ትገባለች። ላላየሁት ሰው ማዘዝ አልችልም፤ ሕጉም አይፈቅድልኝም፣ ልገድለውም እችላለሁ» አለች። ኢንሹራንስም፣ ፖሊስም የሚባል ነገር አልተነሳም። እኔ ስተረጉም እትዬ አስካለ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

«እሺ። እሱስ ታዲያ?» አሉ።

ተረጎምኩት። ዶክተር ኮልማን ወደ መስኮቱ አየች። ሐኪም እንዲህ ሲል ብዙ ጊዜ አልሰማሁም።

«አላውቅም» አለች።

ያገኘነው መላ ይህ ነበር፤ መምህር ታደሰ ደሴ ሆስፒታል ሄደው ይመርመሩ፣ እህትና ልጅ መድኃኒቱን እዚያው የሚገዙበትን ይላኩላቸው። መምህሩ ሆስፒታል ደርሰው ሲመለሱ እትዬ አስካለ አጠገቤ ተቀምጠው በስልክ ካርድ አገናኙን። መምህሩ ቀስ ብለው፣ ቃላቸውን እየመረጡ የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ሲስተር፣ እስከ ዛሬ የአሜሪካ መድኃኒት ስውጥ ነበር፤ አሁን ወደ አገር ውስጥ ምርት ተዛወርኩ» አሉኝ እየሳቁ። እግራቸውን በየቀኑ እንዲያዩ ነገርኳቸው። ሆስፒታል እንደሄዱ፣ መጠኑም እንደተቀነሰላቸው ነገሩኝ። «ፋርማሲው ሲኖረው ይሰጠኛል፣ ሲያጣም ይነግረኛል። እኔ ደህና ነኝ፤ እህቴን ብቻ ጠብቂልኝ» አሉ።

እትዬ አስካለ ስኳራቸው መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ ገቡ። እኔንም ይቅር አሉኝ፤ እሁድ ሰላምታው ላይ እጄን ሲጨብጡ ትንሽ አቆዩት። ለመምህር ታደሰ አልፎ አልፎ እደውልላቸው ነበር። የሰማሁትን ለዶክተሯ እነግራታለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ለእሳቸው የሚሆን ቦታ ስለሌለ ንግግራችን በር ላይ ቆመን ይጀመርና እዚያው ያልቃል።

የሌሎቹም በሽተኞች ቀለም ተለወጠ። ዓመቱ ሲያልቅ ኔትዎርኩ ፕሌኖ ውስጥ አንድ ሆቴል ሐኪሞቹን ሁሉ ሰብስቦ ራት አበላ። ከመድረኩ በስተጀርባ ትልቅ ስክሪን ነበር፤ የዶክተር ኮልማን ክሊኒክ ሲመጣ ለምለም ሜዳ መሰለ። ሊንዳ ከሰዉ ፊት አስነስታኝ፣ ስም ሳልጠራ የእትዬ አስካለን ታሪክ እንድናገር አደረገችኝ። ተናገርኩ። መድኃኒቱን ከወንድማቸው ጋር ይካፈሉ እንደነበር ስናገር አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አሁን ሙሉውን እንደሚወስዱ ስናገር አጨበጨበ። ከዚያ ጥያቄ መጣ። እንዴት አወቅሽ፣ ስንት ሰዓት ፈጀብሽ፣ በሌሎች ክሊኒኮችም ይሠራል ወይ ተባልኩ። ወንድምየው ምን ሆነ ያለ አልነበረም።

ፓርኪንጉ ላይ ግን ዶክተር ኮልማን የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ጠበቀችኝ። «ያ መምህር እንዴት ነው?»

«ሰሞኑን ፋርማሲው መድኃኒት አጥቷል አሉ። እግራቸውንም አሟቸዋል።»

በሩን ከፈተች፣ ሳትገባ ቆመች። «መልካም ዜና ስትሰሚ ንገሪኝ» አለች።

ሙከራው ተራዘመ፤ ወንበሬም ተረፈ። ባለቤቴ «አሁንስ ትተኛለሽ?» አለኝ። ለትንሽ ጊዜ ተኛሁ።

ከዚያ ጋሽ ወርቁ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ደወሉልኝ። «የአስካለ ወንድም አርፏል» አሉ። «ነገ ጎሕ ሲቀድ ሄደን እናረዳታለን። ስኳር ስላለባት አንቺም ብትኖሪ ይሻላል። መለኪያሽን ይዘሽ ነዪ።»

አፓርትመንቱ ደረጃ ላይ ተሰብስበን ወጣን። ጋሽ ወርቁ አንኳኩ። እትዬ አስካለ ራሳቸው ከፈቱ፤ የመጋዘኑን የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ምሳቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ሥራ ሊወጡ ነበር። ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ሲያዩ ማንም ምንም መናገር አላስፈለገውም። ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደና እኔ ትከሻ ላይ ያለው ቦርሳ ላይ ቆመ። «ታደሰ ነው» አሉ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

መምህሩ እግራቸው ቆስሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ነው ያረፉት ተባለ። መድኃኒት ስለታጣ ይሁን በሌላ ምክንያት የሚነግረን ሐኪም አላገኘንም። እኔም እስከ ዛሬ አላውቅም።

ልቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ጋሽ ወርቁ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ከእትዬ አስካለ አጠገብ ተንበረከክሁ። እትዬ አስካለ ሳልጠይቃቸው ጣታቸውን ዘረጉልኝ። ወጋሁት፤ ደሙን አስነካሁት፤ ቁጥሩ እስኪወጣ ሁለታችንም የመለኪያዋን ትንሽ መስኮት ስናይ ቆየን።

«ጥሩ ነው?» አሉኝ።

«በጣም ጥሩ ነው፣ እትዬ።»

ጣታቸውን በደንብ ልብሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለዶክተሯ ንገሪያት። ደስ ይበላት» አሉ።

ምርር ብሏቸው ይሁን ከልባቸው፣ ከድምፃቸው አልለየሁትም። አልጠየቅኋቸውም። ክሊኒክ ስገባ ግን እንዳሉኝ ሁሉንም ለዶክተር ኮልማን ነገርኳት። በሯን ዘጋች፤ የጠዋቱ የመጀመሪያ በሽተኛ እስኪገባ አልከፈተችውም።

ከዚያ በኋላ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቼ ጡረታ ወጣሁ፤ አዲስ የሚቀጠሩትንም አሠልጥኛለሁ። ስለ ቀለሙም፣ ስለ ስልኩም፣ ስለ ብርቱካኑም ከእኔ የተሻለ የሚያስተምራችሁ ይኖራል። እኔ የምለው ይህን ነው። «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም አዎ ይላችኋል። «ከዚህ መድኃኒት ላይ ሌላ የሚወስድ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለ ካሏችሁ፣ ከማስቆማችሁ በፊት ያ ሰው ነገ ጠዋት ምን እንደሚውጥ እወቁ።